ብሎንና ዳዶ

አጀንዳ አንድ፤ ምርጫ። ሌላ አጀንዳ የለም።
ጸሐፊው እኔ ነኝ፤ የመዝገቡ ቀለም
ዛሬም አልደረቀም።

ከሳቢያን ወዲያ ማዶ፣ ካስፋልቱ ዳር፣
የድሬ ፀሐይ የቆርቆሮ ጣራችንን ስታንጣጣ፣ ስትሰብር፣
መቶ አርባ ሰባት ነን፤ ገጣጣሚ፣ በያጅ፣ ቀለም ቀቢ፣
መስታወት ባልገባላቸው ባጃጆች መሀል
ገሚሱ ጎማ ላይ ቁጢጥ፣ ገሚሱ ቆሞ፣ ገሚሱ ገና ገቢ።

የምርጫ ወረቀት አልደረሰም። ማተሚያ ቤቱ ነገ ብሎን፣
ከነገ ወዲያ ብሎን፣
ሲመረን ከመጋዘን አወጣን ብሎን።
ለያንዳንዱ ሰው አንድ ብሎን፣ አንድ ዳዶ፣ አሥር ቁጥር፤
ብሎኑ ለጋሽ ሸምሴ፣ ዳዶው ለሂንዲያ፤
ከሸራው ጀርባ አንዱን ዘይት ጣሳ ውስጥ መጣል፣ ሌላውን በኪስ መቅበር፤
ምርጫው ምሥጢር።

ምሥጢር አልን እንጂ
የመካኒክ ጆሮ መች ይታለልና፤
ብሎን ድው ይላል፣ ዳዶ ቅጭል ይላል፣
ጣሳ ሆዱ አይችልም፣ ይናገራልና።
ድው። ድው። ቅጭል።
ቅጭል። ቅጭል። አንድ ድው። ደግሞ ቅጭል።
ሰዉ ሁሉ ጫማውን ያያል፤
እንደ ደቻቱ ጎርፍ፣ ከተማው ሳይዘንብ ድምፁ ከላይ ይመጣል።

ጋሽ ሸምሴ ብቻ አይሰማም።
ሃያ ዓመት ላሜራ ሲቀጠቅጥ ጆሮውን እዚያው ጥሎ ወጣ፤
የጆሮ መሸፈኛ ይገዛ ብሎ ተሟግቶ፣ ታግዶ፣ ደመወዝ ተቀጥቶ፣
ለኛ ደረሰልን፤ ለሱ ግን ካለፈ መጣ።
ይህን መዝግቡልኝ።
ያንንም መዝግቡ፤ አምና የሙቀት አበላችንን
ከሥራ አስኪያጁ ጋር በርጫ ላይ ተስማምቶ፣
"ጨርሼዋለሁ" ብሎን መጣ፤
ማንንም ሳይጠይቅ ማኅተሙን መትቶ።
ማኅተሙ አሥራ ሁለት ዓመት ከደረት ኪሱ አልተለየም፤
ሸሚዙ ላይ የቀረች ሐምራዊ ክብ አለች፣ ሳሙና አያስለቅቃትም።

ሂንዲያ ከቀለም ክፍል ናት፤ ቅንድቧ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ።
አንዲት ልጅ በቀለሙ ጭስ ተዝለፍልፋ የወደቀች ቀን
ኮምፕረሰሩን ከሶኬቱ ነቅላ፣ ገመዱን ወገቧ ላይ ጠምጥማ፣
"ማስክ ሳይመጣ አይበራም አቦ!" ብላ
በሩ ላይ የቆመች እስከ ጨለማ።

ሸምሴ ወደኔ ጎንበስ አለ፤ ለሱ ሹክሹክታ፣ ለኛ ግን ጩኸት፤
"ጸሐፊ! እንዴት ነው?" አለኝ።
ጣሳው ቅጭል አለ ያን ሰዓት።
"ጥሩ ነው ጋሼ" አልኩት።
ይህ ቃለ ጉባኤው ላይ አልሰፈረም። ዛሬ ጻፍኩት።

ቆጠራ፤ ዳዶ ሰባ ዘጠኝ። ብሎን ስልሳ ሰባት።
ከጣሳው ሥር አንድ ነገር ቀረ፤ ብሎንም ዳዶም፣ ተጋብተው፣ ተጠባብቀው፤
ሦስት ሰው ሞከረው፤ ያለ መፍቻ ማን ሊያላቅቀው?
"ይሄ ደሞ ምን ብሎን ነው?"
አለ ኡመሬ በያጁ። ማንም አልሳቀ።
እንዲህ አጥብቆ የሚያስር እጅ ባዳራሹ አንድ ነው፤ ሁሉም ዐወቀ።
ጻፍኩ፤ የተበላሸ ድምፅ፣ አንድ።

ማኅተሙን በመሐረብ ጠርጎ ሰጣት።
"ሲደርቅ ውሃ ጠብ አድርጊበት፤ በትንፋሽ አይሆንም" አላት።
"እሺ" አለች። ንግግር አላደረገችም።
"ሥራ አስኪያጁ ቅዳሜ እስከ ስንት ነው ያለው?" አለችኝ፤
መልሴን አልጠበቀችም።

እሱ ባስፋልቱ ወረደ፣ ሐምራዊዋ ክብ ደረቱ ላይ።
አንድ ባጃጅ ከኋላው ጥሩምባ ነፋ፣
የኛው እጅ ሥራ፣ የወንበሩ ላስቲክ እንኳ ያልተቀደደ።
አልሰማም። መሀል መንገዱን ይዞ ሄደ።
ባለባጃጁ ደግሞ ነፋ፤ ደግሞ ነፋ፤ ከዚያ ተወና
ቀስ ብሎ ከኋላው
በሦስት ጎማ ተራመደ።