የተዋጠ ወንዝ

የጦሳ ጉም ገና ከቆርቆሮው ሳይለቅ፣
ደሴ ሆስፒታል በር፣ ብርዱ እጅ ሲያደርቅ፣
ካርድ ይዘን ቆመናል።
እንድሪስ ከትናንት ማታ እህል አልቀመሰም፤
ውሃም ቢሆን አንድ ጉንጭ ጉሮሮው አልደረሰም።
"ባዶ ሆዱን ይምጣ" አሉን።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ነገር የዋጠ ሰው፣
አንድ ሌሊት ቢጾም ሆዱ ባዶ ነው?

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከሚሴ፣ ገበያው ዳር፣
መርፌ ባፉ ይዞ የሚያወራ፣ የሚያድር።
ደንበኛ ሲሰድበው ክር በጥርሱ ቆርጦ፣
ስጠይቀው "ሆድ ይፍጀው" ይላል ፔዳሉን ረግጦ።
ሆዱ ቃሉን አመነ፤ ፈጀ፣ ፈጀ፣ አድፍጦ።
አንድ ሐሙስ ምሽት፣ ከእራት በኋላ፣
ደም አመጣው፣ ትኩስ፣ ሳህን የሚሞላ፣
የሙሽራ ቀሚስ ላይ፣ ነጭ ሳቲን ላይ።
የጨርቁ ዕዳ ዛሬም አለብን።

ከሚሴ ምን አለች?
ሳልጠይቃት መጥታ በጆሮዬ ሹክ አለች፦
"ጉበት ነው፣ አረቄ ነው፤ በስውር ይጠጣል፤
ቀን ሰጋጅ ነው እንጂ ማታ ይገለጣል።"
እኔስ?
እኔማ ሚስቱ ነኝ፤ ሲተኛ ጠብቄ
አፉን አሽትቻለሁ፣ ትንፋሼን ደብቄ።
አንድ ሌሊት አይደለም።
ከኮቱ ኪስ፣ ከጨርቁ ክምር፣ ከማሽኑ መሳቢያ
ጠርሙስ ፈልጌያለሁ።
ያገኘሁት ቁልፍ ብቻ፤ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ሰባት ዓይነት።

ተጠራ። ነርሷ ሉባባ በግራ ጎኑ አስተኛችው፤
ጉሮሮውን በመድኃኒት ረጭታ አደነዘዘችው፤
ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ በጥርሱ አስነከሰችው።
"ዋጥ አርገው፣ ወንድሜ፣ ዋጥ" አለው ዶክተሩ፣
ጫፉ የሚበራ ጥቁር ገመድ ይዞ።
ለእንድሪስ "ዋጥ" ይባላል? ስንቱን ውጦ የለ!
ይኼ ግን አልዋጥ አለ።
ተናነቀው፤ እንባው በጆሮ ግንዱ ወረደ፤
ከዚያ መብራቱ ሄደ።

በሩ ገርበብ ብሎ ስክሪኑን አየሁ፤
ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ተኝቼ
የማላውቀው አገር።
ሮዝ ነው። እርጥብ ነው። ቂም አላየሁበት።
ከግድግዳው ላይ ግን ያበጡ የደም ሥሮች፣
እንደ ክረምት ጅረት የተጋደሙ።
"እነዚህ ናቸው የሚደሙት" አለ ዶክተሩ።
ጠቅ! አንዱን በጎማ ቀለበት ቋጠረ፤
ጠቅ! ሁለት። ጠቅ! እስከ ስድስት ቆጠረ።
እንዲህ ያለ ስፌት፣ ያለ መርፌ፣ ያለ ክር፣
ባሌ ዞሮ ቢያየው "ማን አስተማረህ?" ይል ነበር።

"በልጅነቱ ወንዝ ይዋኝ ነበር?" አለኝ፣ ጓንቱን እያወለቀ።
"ቦርከና ነው ያደገ።"
"ቢልሃርዝያ ነው። ትሉ በቆዳ ገብቶ
ጉበቱን አደረቀው፣ ስንት ዓመት ተኝቶ።"
"አረቄስ?" ብዬ፣ ከአፌ አመለጠኝ።
"የምን አረቄ?" ብሎ ዞሮ ተመለከተኝ።

ደም ያንሰዋል ሲባል፣ ወንድሞቹ ሲሸሹ፣
ክንዷን የዘረጋች አስረበብ ነበረች፣ አረቄ ሻጯ።
"ደጄን ረግጦ አያውቅም" ብላኝ ነበር ያኔም።
አላመንኳትም እኔም።

ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ደብተሩን ድንጋይ ጭኖ
ከድልድዩ ሥር ዘለለ፣ እንደ ዓሣ ሆኖ።
እሱ ከወንዝ ወጣ፤
ወንዙ ግን ከሱ አልወጣም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ ተባልን።
ኮምቦልቻን አለፍን፣ ሐርቡንም አለፍን፤
ራሱን ትከሻዬ ላይ ጥሎ ያንቀላፋል።
ልነግረው ነበር፣ ስለ ትንፋሹ፣ ስለ መሳቢያው።
ጉሮሮዬ ድረስ መጣ።
ዋጥኩት።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ ልጆች ቦርከና ውስጥ ይንቦጫረቃሉ፤
የሚኒባሱን መስኮት ከፍቼ ጮህኩ፦
"ውጡ! ከዚያ ውሃ ውጡ!"
እጃቸውን አውለበለቡልኝ፣ እየሳቁ።
እንድሪስ ነቃ። በሻከረ ድምፅ፣
"ማንን ነው?" አለኝ።