የእጅ ቦታ

ከቶሮንቶ መጥታ፣ ሉነንበርግ ዳገት ላይ
ሮዊና ቤት ገዛች፣ ወደቡን የሚያሳይ።
የኩሽናው ቁምሳጥን ከፋብሪካው ወጥቶ
ሳምንት አልሞላውም፣ ግድግዳው ላይ ገብቶ፤
ሙጫ ሙጫ ይሸታል፣ ጥርሱ እንኳ አልበቀለ።
«መቶ ዓመት ጨምሪበት» አለችኝ፣ «ከተቻለ።»
«ለመቼ ይድረስልሽ?»
                    «ለዐርብ፤ እንግዳ አለብኝ።»
ሰኞ ነው። መቶ ዓመት በአምስት ቀን። ሳቄ መጣብኝ።

መጀመሪያ ቡኒ፤ የቆየ ሻይ መሳይ።
ሲደርቅ ሻማ አሻለሁ፣ ከጠርዝ ከማዕዘኑ ላይ፤
ሰም ባለበት ስፍራ ቀለም አይዝምና
ነጩን ስደርብበት ይላጣል እንደገና።
ቀጥሎ ሰንሰለት። በሩን አጋድሜ
እገርፈዋለሁ፣ ቂም እንዳለኝ፣ ቆሜ።
በወስፌ ጫፍ ደግሞ ቀዳዳ በሳሁበት፤
ነቀዝ ሳይደርስበት የነቀዝ ቤት ሠራሁበት።

አባቴ ኦርሎ በርጩማ ላይ ሆኖ ያያል።
ይዤው እመጣለሁ፤ ብቻውን ከሆነ ምድጃ ይረሳል።
አርባ ዓመት ሙሉ የዓሣ ጀልባ ቀብቷል፣
ጨው የበላውን ፍቆ፣ ስንጥቁን ደፍኗል፣
ዕድሜውን በሙሉ ከእርጅና ጋር ተጣልቷል።
ልጁ ግን እርጅናን በሰዓት እሸጣለሁ፤
ዋጋዬም ከሱ ዋጋ ይበልጣልና፣ ዝም ብዬ እሠራለሁ።
«ይሄ ጀልባ ቢሆን» አለኝ፣ «ባለቤቱ
በመቅዘፊያ ነበር ሒሳብሽን መስጠቱ።»

ሐሙስ ጉም ወደቡን ከነመርከቡ ዋጠ።
በብርጭቆ ወረቀት በር በሩን ስፍቅ፣ ሽማግሌው ተቁነጠነጠ።
«እዚያ ማን ይነካል?»
                    «የት?»
                          «እዚያ፣ ከላይ ጥጉ።
ጥጉን ይዞ በር የሚከፍት ሰው አለ ወይ በወጉ?
ሁሉን እኩል ፋቅሽው። እኩል የሚያረጅ ምን አለ?
እርጅና አድሎ ያውቃል፤
ያዘወተሩትን በላ፣ የረሱትን ዘለለ።»

ተነሣ። ወረቀቱን ከእጄ ላይ ወሰደ፤
ወደ ማጠቢያው ሥር፣ ወደ ግራው በር ሄደ።
ከመያዣው በታች አንድ ጣት ዝቅ ብሎ፣
የግራ አውራ ጣት ማረፊያውን ፋቀው አደላድሎ።
ከዚያ ደግሞ ጎንበስ፤ ከጉልበት ትንሽ ከፍ አድርጎ
አንዲት ክብ ፋቀ፣ እጁ መንቀጥቀጡን ትቶ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ።
«ይሄስ ምንድን ነው?» አልኩት።
«ዕቃ ስታጥብ» አለ፣ «በጉልበቷ ትደገፋለች።»
ትደገፍ ነበር አላለም።
ትደገፋለች።

ማን ብዬ አልጠየቅሁም። እናቴ ሄቲ ግራኝ ነበረች።
ያንን ኩሽናዋን እኔው ነኝ ያፈረስኩት፤
በሞተች በሁለት ዓመቷ፣ ያረጀ እንጨት ነው ብዬ አቃጠልኩት፣
አባቴን ደስ ይበለው ብዬ ነጭ ፎርማይካ ለጠፍኩለት።
ያኔም በርጩማው ላይ ነበር።
ያኔ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ዐርብ ሮዊና መጣች። በር በሩን ዳሰሰች።
«አያት ቅድመ አያቴ የኖሩበት መሰለኝ!» አለች።
ማጠቢያው ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ ቆመች።
«ይሄኛው ትንሽ በዛ፤ ከሌላው አይገጥምም።
በቀለም ትነኪልኛለሽ?»
                    «እሱን» አልኩ፣ «አልነካም።
ካልወደድሽው ግን በሩን ሽጪልኝ፤
አዲስ አመጣለሁ፤ ከሒሳቤ ቀንሺልኝ።»
እንደ እብድ አየችኝ። ቀነሰች፤ ሳንቲሙን እንኳ አልማረችኝ።

በሩ አሁን ከኛ ቤት ነው። ልኩ በሁለት ጣት ይረዝማል፤
ከፎርማይካው አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።
ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ቤቱ የመርከብ ማደሻ ይሸታል፤
ምድጃው ጠፍቷል፣
አባቴ ወለሉ ላይ በጉልበቱ ተንበርክኳል።
ያቺን የፋቃትን ክብ የጀልባ ቨርኒሽ እየቀባ፣
«ሦስተኛው እጅ ነው» አለኝ ቀና ሳይል፣
«ከዚህ በላይ እንዳይበላ።»