ጀልባ በደቻቱ ዳር

በአይሱዙ ጀርባ፣ ሸራ ለብሳ፣ ታስራ፣
የደንገጎን ጥምዝ ዞራ፣ ዞራ፣ ዞራ፣
ከእኔ ደጅ ወረደች፣ ደቻቱ ዳርቻ፣
ወንዝ ከሚሉት ቦታ፣ አሸዋ ብቻ ብቻ።
ጎረቤት ተሳለቀ፦ «አቦ፣ ኖኅ ሆንክ እንዴ?
ጎርፍ ሊመጣ ነው? ንገረን እስቲ አንዴ።»
ሳቅን። የጎርፍ ቀልድ እዚህ ሩቅ አይሄድም፤
ሁለት ቃል ይሳቃል፣ ሦስተኛው አይወጣም።

ባለቤቷ ሙሜ፣ የሐረማያ ሰው፣
ኮፍያውን አውልቆ ጎኗን ዳሰሰው።
«ሞተሯ ሞቷል» አለ፣ እንደ መርዶ ነጋሪ፣
«አንተ ነህ አሉኝ፣ የምድር ባቡር ቀሪ።»

ቴስታታውን ከፈትኩ።
ፒስተኑ ሲሊንደሩን እንደ ሙሽራ አቅፎ፣
አሥራ ሰባት ዓመት ዝገት ለብሶ አርፎ፣
አልላቀቅ አለ። ናፍጣ አጠጣነው፣
ሦስት ቀን በመዶሻ ቀስ አርገን መከርነው።
ሮብሌ ረዳቴ፣ ስሙ በሶማልኛ
ዝናብ ነው፤ የሰበረው ቡሎን ደረሰ ዘጠነኛ።

በመጨረሻ ወጣ። ከሥሩ
የደረቀ ጭቃ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት፣
አንድ ላባ።
ሙሜ ላባዋን አንስቶ፣ «ዶሮዬ እዚህ ነበር የምትታቀፈው» አለ፣
«ሐይቁ ከሄደ በኋላ።»

«እሁድ እሁድ» አለኝ፣ ተቀምጦ ከጎማ፣
«ተማሪ እጭን ነበር፤ ሳቃቸው ሲሰማ
ዳክዬው ይነሣል። አንድ ጠዋት ከጭቃ
ጎኗን ሰጥታ አየሁ፣ እንደ ላም ወድቃ።
ውሃው ራቀ። ቧንቧ ቀጥለን ተከተልነው።
ጫቱ ይጠማል፣ ድንቹ ይጠማል፤
ልጅም ይማራል።
አሁን ተመልሷል፣ ሐይቁ። ማን ጠራው? እንጃ።»

ለጀልባ የሚሆን ሞተር ግን ድሬ ከየት ይምጣ?
ታይዋንን ዞርኩ፣ ቀፊራን ዞርኩ።
ከቁራሌው ግቢ፣ ከፍሪጅ ሬሳ ሥር፣
አንድ የውሃ ፓምፕ፣ የናፍጣ ሞተር፣
ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ቀይ ቀለሙ ለቆ፣
እግሩ ተሰብሮ፣ በብየዳ ተጣብቆ።
ገዛሁት። አጠብኩት።
ሙሜ ገባ፣ አየው።
ጣቱ የብየዳውን ጠባሳ ይዞ ሄደ፣ ተመለሰ።

«ይሄን እኔ ነኝ ያስበየድኩት። አወዳይ።
ሐይቁን የጠጣ እሱ ነው።»
ትንሽ ቆይቶ፦
«እሱ ምን ያውቃል። እኔ ነኝ።»

ሮብሌ ሬዲዮውን ቀነሰ።
እኔ ቁልፍ ፈለግሁ፣ እጄ ላይ የነበረውን።
«ሌላ ልፈልግልህ?»
«ግጠመው» አለ። «መንገዱን ያውቀዋል።»

ዘንጉ አጠረ፣ ቶርኖ ቤት ወሰድኩት፤
ፕሮፔለሩ ጎብጧል፣ በሞርሳ አቀናሁት፤
የባጃጅ ካምቢዮ አምጥቼ ዳርኩለት፤
ቀጥ እንዲል መሐሉን ሁለት ቀን በክር ለካሁለት።
የቀረው ማቀዝቀዣው። አንድ ቀጭን ቱቦ
በሆዷ አስገባሁ፣ ሌላውን በጎኗ አወጣሁ፣
ሙሜን ጠርቼም አሳየሁ፦
«በዚህ ይጠጣል።
በዚህ ይመልሳል።»
ጎንበስ አለ። ጣቱን በቱቦው አፍ ከተተ፣ አወጣ።
«ሁሉንም?»
«ሁሉንም። ትንሽ ይሞቃል እንጂ።»

ቧንቧ ከጠፋ አራተኛ ቀኑ ስለነበር
በርሜሉን የሞላነው በተገዛ ውሃ ነው።
ሁለት ጊዜ አስነጠሰ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣
ሦስተኛው ላይ ያዘ፤ ሰፈሩ በድምፁ ጠፋ።
ጀልባዋ በአራት ድንጋይ ላይ ተንቀጠቀጠች፣
የትም ሳትሄድ፤ የደቻቱን አሸዋ አስነሣች፤
ሕፃናቱ ጮኹ። ሙሜ ግን የሚያየው
የጎኗን ቱቦ ነበር፣
ውሃው ወደ በርሜሉ ሲመለስ።

ሐሙስ ሄዱ።
እሁድ ስልኬ ጮኸ። ሙሜ ነው፤ አልተናገረም።
ዱብ ዱብ ዱብ ብቻ፣
ከሩቅ ደግሞ የሰው ሳቅ።
ካርዱ እስኪያልቅበት አዳመጥኩ።

ጠረጴዛዬ ላይ አንዲት ቡሎን ተርፋለች።
ከየት እንደፈታኋት አላስታውስም።
ሮብሌ «አሥራ ሦስት ቁጥር ናት፣ አያሳስብም» ይላል።
እኔ ግን በኪሴ ይዣት እዞራለሁ።