የማን ነው ንዝረቱ

በሞርስ ደሴት ላይ፣ ከፊዮርዱ ዳር፣
ገብስ የታጨደበት ባዶ ማሳ ነበር።
የተረፈው አገዳ ጫማ ይወጋል፤
ንፋሱ ከውሃው ጨው ቀድቶ ይመጣል።
ባለማሳው ቫግን ከትራክተሩ ላይ
«ግቡ» አለን ባገጩ፣ ዞር ብሎ ሳያይ።

ቶርኪል ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ቧንቧ ሠሪ ነበር፤
ግድግዳ ደባብሶ፣ ውሃ የት እንደሚያድር
በጣቱ የሚያውቅ።
ካምና ወዲህ ግን ጣቱ አይታዘዝም፤
ስኒ ሲያነሣ እንኳ ስኒው ዝም አይልም።
ሐኪም የሕመሙን ስም ጽፎ በወረቀት
ሰጠው፤ አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ አላነሣሁበት።

ትልቁን መሣሪያ የምይዘው እኔ ነኝ፤
ሳህኑን ዝቅ አድርጌ፣ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ፣
እወዘውዛለሁ ቤት እንደሚጠርግ ሰው፤
ጢው ይላል ጆሮዬ ሥር፣ ብረት ሲሸተው።
እሱ ግን ዕውቀቱ እንደ ሰፈር ወሬ ነው፦
መንደሩን ይነግርሃል፤ ቤቱን ግን፣ የትኛው
እንደሆነ፣ «ራስህ አንኳኳ» ይልሃል።

አካፋዬን ሰደድኩ፤ ጓሉ ተገለበጠ፤
ትል ብርሃን ፈርቶ ወዳፈር ሰመጠ።
ከዚህ በኋላ ያለው የቶርኪል ድርሻ ነው።
ተንበረከከ። ጉልበቱ ቋ ሲል ሰማሁት።
ከወገቡ ሰገባ ጠቋሚውን መዘዘው፦
ብርቱካንማ፣ አንድ ስንዝር፣ እንደ ካሮት ሹል፣
ብረት ሲቀርበው መዳፍ ውስጥ ዝርር የሚል።

ዝርር የሚል! ችግሩም ያው እሱ ነበር።
ጠቋሚውም ሲነዝር፣ እጁም ሲነዝር፣
የቱ ነው ምስክር?
ቀኙን ግድግዳ ነካ፤ «እዚህ ነው» አለና
ቧጠጠ፣ ቧጠጠ። አፈር ነው። እንደገና
ግራውን። «አለ!» አለ። ጠጠር ነው፤ የገብስ ሥር።
ሰፋ እንጂ ጉድጓዱ አልተፋም ምሥጢር።
ምን ልበል? ደመና ቆጠርኩ ቀና ብዬ፣
ዓይኔን ከእጁ ላይ ገሥጬ ከልክዬ።

አጠፋው። ጠፍቶም ያዘው፤ እጁን አየው።
ረጅም ጊዜ አየው።
«ድሮ» አለ፣ «ግድግዳ ውስጥ ውሃ ሲሸሸግብኝ፣
ካቻቢቴ ነበር እውነቱን የሚነግረኝ፤
እጀታውን ነክሼ፣ ጫፉን ከቧንቧ ላይ።
ሰሚው አጥንት ነው እንጂ፤ ጆሮ ጌጥ ነው ከላይ።»

አበራው። በሆዱ ተኛ። ነከሰው ጠቋሚውን፤
ለጉድጓዱ ራሱን፣ ለሰማይ ቂጡን
ሰጠ። ያ የተከበረ ሰው! ካሮት ባፉ፣
ምራቅ ባገጩ ላይ፣ ጭቃ ካፍንጫ ጫፉ።
ቫግን ትራክተሩን ከሩቅ አቆመና
ቆቡን አወለቀ። ምን አስቦ? እንጃ፤ አልጠየቅኩትም ገና።
እኔን ሳቅ አነቀኝ። ሳቅ ነው እንበለው።

መንጋጋው ገና የራሱ ነው፤ እጁን አልተከተለም።
ሩብ ዙር ዞረ። ዝም።
ትንሽ ዝቅ አለ። ዝም።
ከዚያ «እህ!» ባፍንጫው (አፉማ ሥራ ላይ ነው)፣
ጣቱን ላከ። ጣቱ እየተርገፈገፈ ሄደ፤
መንገዱን ነግረውት፣ ምን ቸገረው? ወረደ።
እጅ ከፍንጅ ያዘው።

ወርቅ ላበደረ ጠጠር፣ ይባላል፤ እኛማ
ለዚህ ማሳ ምንም አላበደርንማ።
ናስ ነው። አረንጓዴ። ስድስት ጎን ያለው።
ቶርኪል ባውራ ጣቱ አፈሩን ጠረገው፤
ጥርሱን ቆጠረለት። «ግማሽ ኢንች» አለ።
የቧንቧ ዳዶ።
ከዚህ ሁሉ ማሳ፣ ከስንት ዘመን ዕቃ፣
የሥራ ባልደረባው ተነሣ ከጭቃ።
ሳቀ። እስኪያስለው ሳቀ። ኪሱ ከተተው፤
ያው ያኛው ኪስ ነበር፣ ወረቀት ያለው።

ጉድጓዱን ደፈንን፤ በእግራችን ረገጥን።
ዐሥር ርምጃ ሳንሄድ ጢው አለ መሣሪያዬ።
እኔ ጓል ስገለብጥ እሱ ቀድሞ ተኛ፤
ጠቋሚውን ሳይጠርግ፣ ከነጭቃው ነከሰ።