ጳጉሜን ስድስት

አባቴ ቆጣቢ ነበረ፤ የጠመመ ምስማር አቃንቶ፣
የሙጫ ጣሳ ግርጌ ፍቆ፣ በፍም ዳር አሙቆ አፍልቶ፣
ቀኑን የሚያብቃቃ አናጢ።
ሲሞትም ቀን መርጦ ሞተ፣ ጳጉሜን ስድስትን አይቶ።

በአራት ዓመት አንዴ ብቅ የምትል፣
ሉቃስ ሊሰናበት ሲል
በዓመቱ ጫፍ የምትለጠፍ ቁራጭ ጣውላ።
የዕድር ሰዎች ድንኳን ሲነቅሉ
ሳቃቸውን ሸሽገው በነጠላ
«ዘርጋው ብልህ ነው» አሉ፣
«ሙት ዓመት በየዓመቱ እንዳያስወጣ
ሞቱን እንኳ ለክቶ ቆረጣት።»

እናቴ አልሳቀችም።
«በአራት ዓመት አንዴ ከሆነማ
ለቅሶ አይደለም የምቀመጥለት፤
ሰርግ ነው የምደግስለት።»

እናም በሉቃስ፣ ሄርማታ፣ ከዝናቡ ጋር፣
ከቴሌቪዥኑ በላይ ያለችው መደርደሪያ
(ዋንዛ ናት፣ የእጁ ሥራ፣ አንድ ምስማር አልነካትም)
ትለብሳለች፣ ትኳላለች።

ከሥር ዳንቴል። እናቴ አራት ዓመት በኪሮሽ የሠራችው፣
በቀን አንድ ዙር፣ የከፋት ቀን ሁለት።
አንዳንድ ቦታ ላይ ክሩ ጠብቋል፤
ምን ወር እንደነበር አልጠየቅናትም።

በላዩ ሰዎቻችን።
አያቴ ብርነሽ፣ የዓይኗን ሞራ ልትደብቅ በጎን የዞረች።
አጎቴ ታፈሰ በውሰት ኮት፣ እጅጌው ጣቱን የዋጠው።
አባቴ፣ ለመታወቂያ የተነሳው፣
ትከሻው ላይ የቀበሌው ማኅተም ግማሽ፣
ሰማያዊ ጨረቃ።
ከዳር ደግሞ መዳፍ የምታክል ፍሬም፣ መስታወት የሌላት፤
የአራት ወሯ እህታችን ፎቶ አልነበራትም።
ውስጧ አንድ ቁልፍ አለ፣ ከሹራቧ የተረፈ።

አዴ ሩቂያ ከአጥር ማዶ
አለላ ነክራ ትመጣለች፣ ቀይና አረንጓዴ፣
ፍሬሞቹን ዙሪያቸውን ታስራለች።
«የናንተን ጸሎት አላውቅም» ትላለች፣
«በሬን የሠራው ግን እሱ ነው፤
እስከ ዛሬ ሲጥ ብሎ አያውቅም።»

እኔ ከባጃጄ የፈታሁትን ዘርፍ አመጣሁ፣
ብልጭ ድርግም የሚል አምፖልም ጨመርኩ።
ምንትዋብ ወገቧን ይዛ፣
«ይሄ መታሰቢያ ነው ወይስ የአጂፕ ፌርማታ?»
ግን አላወረደችውም።

አበባው ነው ከእሱ የሆነው።
ሲሞት ከሥራ ቤቱ ጥግ አንድ ጆንያ ፍቅፋቂ ቀርቶ ነበር፣
መላጊያው የተፋው፣ እንደ ተጠቀለለ።
ምንትዋብ አንዱን አንስታ በጣቷ አዞረችው፣
በክር አሰረችው፤ ጽጌረዳ ሆነ።
ይሄ የእነ አባ መጫ ቁም ሣጥን ነው፣
ይሄ ሙሽሪት ሳትተኛበት የተሸጠ አልጋ፣
ይሄ፣ ቀላ ያለው ጥድ፣ ዛሬም የሚሸተው፣ የራሱ ሣጥን ሊሆን
ጀምሮት የተወው።

ዘንድሮ ሦስተኛው ሉቃስ። ጆንያው ተገለበጠ፤
ብናኝ ወጣ፣ አንድ የሞተ ጢንዚዛ።
እናቴ አንገቷን ሳታዞር እኔን አየች።

እኔ ባጃጅ ነጂ ነኝ። በመጨረሻው ክረምት
«እንጨት እንጀራ አይሆንም» ብዬው ነበር።
አልመለሰልኝም። ምላጩን ይስል ነበር።

ከአልጋ ሥር አወጣሁት። እጄታው ላይ
የአውራ ጣቱ ጉድጓድ አለ፤ የእኔ አልገጠመውም።
ምላጩ ዝጎ ሣልኩት፣ ሣልኩት፣
ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ወረደ፣ አባራ፣ ደገመ።
የመጀመሪያው ዘለለ።
ሁለተኛው እንጨቱን ነጨ።
ሦስተኛው ወጣ፣ አጭር፣ ዝንጥ ያለ እንኳ ያልሆነ፣
ነጭ፣ ካረጁት አበቦች መሀል እንደ ወተት ጥርስ።

ምንትዋብ አሰረችው። የት ላድርገው አላለችም፤
ከቁልፏ አጠገብ አስቀመጠችው።

እናቴ መነጽሯን ከፍ አድርጋ
ለረጅም ጊዜ አየችው።
«ወፍራም ነው» አለች።
«ቆጣቢ አይደለህም።»