ግድግዳው ሲያንኳኩት

በጣቴ አንጓ መታሁት፣ ጆሮዬን አስጠግቼ፤
ዱም አለ እንደ ባዶ ጋን። ደገምኩት ጥቂት ቆይቼ።
ልስኑ ከብሎኬቱ ጋር ከተለያየ ሰንብቷል፣
በመንገድ የሚያልፍ ሰው ግን «የሚያምር ቤት» ይለዋል።

ሽምብጥ ነው፤ የወይዘሮ አስረበብ ቤት፣ ፊቱን ለጣና የሰጠ፣
በየክረምቱ ዝናብ ከታች የተገመጠ።
መስኮቱ ጥግ ስንጥቅ አለ፣ የሸረሪት ክር የመሰለ፤
ዝቅ ሲል ነጭ ጨው ወጥቷል፣ በወዛደር ሸሚዝ ላይ ላብ እንደደረቀ ያለ።
ይበልጣል፣ ተማሪዬ፣ መዶሻውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣
«ጋሼ፣ ማን ነው የለሰነው?» አለኝ፣ «እጁ ይሰበር!» ብሎ።

ዝም አልኩ።
እጄን ኪሴ ከተትኩ።

እስኪ ስማ፣ አልኩት። መዶሻውን አስቀምጥና ስማ።
አሸዋውን በመዳፍህ እሸው፤ ቡናማ ሆኖ ካየኸው
ደለል ነው፤ እጠበው፣ ደግመህ እጠበው።
ሲሚንቶ አታብዛ። ብርታት በብዛት አይመጣም፤
ከልክ ያለፈ ልስን ይኮማተራል፣ ስንጥቁም አይታጣም።
ከምሳ በፊት የቦካውን ከምሳ በኋላ ውሃ አፍስሰህ አታንሳው፤
የሞተ ሲሚንቶ ትንሣኤ የለው፣ ድፋው።

የደረቀ ግድግዳ ጥም ያቃጠለው በሬ ነው፣
የሞርታሩን ውሃ መጦ የሚተውልህ ዱቄቱን ነው።
ስለዚህ አርሰው። ርጭቱንም ርጨው፣
ልስልስ ቆዳ ምን ይይዛል? አሻክረው።

ኮንክሪትና ብሎኬት ጎረቤት እንጂ ወንድማማች አይደሉም፤
በፀሐይ እኩል አይዘረጉም፣ በብርድ እኩል አይሰበሰቡም፤
መካከላቸው ሽቦ ወንፊት ካልዘረጋህ አይታረቁም።

አንዴ በወፍራሙ አትለጥፍ፤ ያንን የቸኮለ ያደርጋል፤
ቀጭን በቀጭን፣ ሁለት እጅ፤ የፊተኛውን ቧጭረህ ተወው፣ ይደርቃል።
ከቀትር በኋላ ከሐይቁ የሚነሳውን ነፋስ ፍራ፣
ታንኳ ቀዛፊ የሚፈራውን ያህል ፍራ፤
ልስኑን ከላይ ያደርቀዋል፣ ከውስጥ ገና ሊጥ ሳለ፣
በማግስቱ ብታየው የየካቲት የፎገራ ዋልካ፣ ስንጥቅጥቅ ያለ።

ከዚያ ሰባት ቀን አራስ ነው፤ ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣው፣
ጆንያ አልብሰው፣ ከፀሐይ ጋርደው፣ ለብቻው አትተወው።
ሰባት ቀን ውሃ ወዳጁ ነው፣
ከስምንተኛው ጀምሮ ግን ዕድሜ ልኩን ጠላቱ ነው።
አሸንዳውን አትርሳ፤ የመስኮቱን ደፍ ወደ ውጭ አዘንብልለት፤
ልስኑን መሬት አታስነካ፣ ስንዝርም ቢሆን ከፍ በልለት፤
የዚህ ሰፈር አፈር ውሃ ነው፣ ግድግዳ ለግድግዳ ሽቅብ ይሄዳል፣
ያየኸው ጨው እሱ ነው፤ ውሃው ሲተን ጨው ይቀራል።

እንዲህ እያልኩ ብዙ አወራሁ። ይበልጣል ግን እንደ ስሙ ነው፤
«ማን እንደለሰነው አልነገሩኝም» አለኝ። ዓይኑ ዓይኔ ላይ ነው።

እኔ ነኝ አልኩት።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ለልጃቸው ሰርግ ቸኩለው
«ጥምቀት ሳያልፍ ጨርስልኝ» ቢሉኝ፣ በአራት ቀን ጨርሼው፣
ውሃ የሚያጠጣው ማን ነበር? ሙሽራው ሲጨፍር ግድግዳው ተጠምቶ ነበር፤
በእርጥቡ ቀለም ቀብቼ፣ ገንዘቤን ቆጥሬ፣ ተሻገርኩ ወደ ሌላ ሰፈር።
«እጅህ ይባረክ» አሉኝ፣ ከበሩ ድረስ ሸኝተውኝ።
ያ ምርቃት ሠላሳ ዓመት ከልስኑ ጀርባ፣ ባዶው ውስጥ ተቀምጦ ኖሮ
ዛሬ ሳንኳኳ የሰማሁት እሱን ነው መሰለኝ።

ይበልጣል ምንም አላለም።
መዶሻውን ተቀብዬ መታሁ፤ ቁራሹ እንዳለ ወረደ፣
ጀርባው ልስልስ፣ አንድም ቦታ አልነከሰም።

ወይዘሮ አስረበብ ከበረንዳው «ስንት ያስወጣኛል?» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።
«ሲሚንቶና አሸዋ» አልኩ። «የእጄማ ተከፍሏል፣ ድሮ ነው።»

ይበልጣል በርሜሉን እያንከባለለ ወደ ቧንቧው ሄደ።