ናሙና ቁጥር አርባ አንድ

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። አባ ኮዳ ጣራችን ላይ
እንደ ጡረተኛ ዳኛ ቆሟል፣ የሐዋሳን ሐይቅ ሊያይ።
ውስጥ፣ ክብ ጠረጴዛው ላይ፣ ሲኒዎች በረድፍ፤
ስም የለም በእኛ ሕግ፣ ቁጥር ብቻ ነው የሚጻፍ።
ሥራችን ይኸው ነው፦ መሳብ፣ ማንከባለል፣ መትፋት፤
አሥራ አንድ ዓመት እንጀራ በላሁበት፣ አንድ ጉንጭ ሳልውጥለት።
ላንቃሞ ሲስብ ድምፁ ሸማ እንደሚቀደድ ነው፤
የእኔ ቀስ ያለ ነው፣ ምላሴ ሲናገር እንድሰማው።

አርባ አንድ ላይ ስደርስ ማንኪያዬ ቆመ።
መጀመሪያ ነካ፣ ቀጥሎ ጣፈጠ፣ ከዚያ እዚያው ከረመ።

ቅጹ ላይ የተጻፉት ቃላት የሰው አገር አበባ፣
የማላውቀው ፍሬ፣ በልጅነቴ እጄ ያልገባ።
በራሴ አፍ ልንገራችሁ፦
ትርንጎ በጥፍር ሲቧጠጥ፣ ዓይን ላይ ብን የሚለው፣
የሸንኮራ ቁራጭ፣ እሳት ዳር ተረስቶ ጠርዙ ያረረው፣
የበሰለ ኮክ፣ ሌሊት ዝናብ የጣለው፤
ደግሞ ሲቀዘቅዝ፣ የኋላ ኋላ፣
የተላገ የዝግባ ፍቅፋቂ፣ ከአናጢ ደጅ ጥላ።

ሰማንያ ዘጠኝ ከግማሽ ሰጠሁት። እጄ አልተንቀጠቀጠም።
«የቤንሳ ነው» አልኩ፣ «ከቤንሳ አይርቅም።
ምናልባትም የአባቴ ማሳ፣ የላይኛው፣ ዳገቱ፤
‹ብርድ ያላዘገየው ፍሬ› ይላል፣ ‹ከንቱ ነው ውበቱ›።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ደብተሩን ገለጠች፣ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ፤
«አርባ አንድ፣ ጓቲማላ» አለች፣ እንደ ሽንኩርት ዋጋ።
«ለማነጻጸሪያ ነው፣ ገዢው በፖስታ የላከው።»
ላንቃሞ ሳቀ። የእኔ ጆሮ ጋለ፣ በጥፊ እንደተመታ ሰው።
የቤንሳው አርባ አራት ነበር። ሰባ ስምንት ብዬዋለሁ፤
«መፍላቱ ያለፈበት፣ የረጠበ ጆንያ» ብዬ ጽፌበታለሁ።

የእንግዳውን ከረጢት አገላበጥኩት።
እርሻው «ላ ኦርሚጋ» ይባላል፣ ጉንዳን ነው አሉ ትርጉሙ፤
ሦስተኛው ማሳ፣ እሳተ ገሞራ ሥር፣ አፈሩ አመድ ነው ቀለሙ።
ከፍታው፣ የተለቀመበት ቀን፣ ስንት ሌሊት እንደደረቀ፣
የለቃሚዋም ስም፦ ኤውላሊያ። ባሕር አቋርጦ የዘለቀ።
የበቅሎዋ እንኳ ስም አለ!
ኤውላሊያን አላውቃት፤ እጇን ግን ምላሴ አይቶታል፤
ያልበሰለውን ትቶ ማለፍ ስንት ትዕግሥት ይፈልጋል።

አርባ አራትስ የማን ነው? የሦስት መቶ ጓሮ ቅልቅል፣
የአክስቴ የዱርሲቴ ቀይ እሸት ከጥሬው ጋር ሲንከባለል።
እሷ ቀዩን ብቻ ለይታ፣ ጀርባዋ እንደ ቀስት ጎብጦ፣
በሩ ላይ ሚዛኑ ይጠብቃታል፣ ሁሉን በአንድ አፍ ውጦ።
ከዚያ መኪና፣ መጋዘን፣ ቁጥር። ሐዋሳ ሲደርስ ስሟ የለም።
እኔም፣ የወንድሟ ልጅ፣ ምላሴ ላይ አድርጌ አላወቅኳትም።

ላንቃሞ ሊያጽናናኝ፦ «ዘሩ እኮ ድሮ ከእኛው አገር ነው የሄደው።»
ይሁን፣ ዘር ይሄዳል። የሄደው ስሙን ይዞ መጣ፤
እዚህ የቀረውን ምን አጠፋው?

ምሳ ሰዓት ሁሉም ወጡ፣ ዓሣ ሊበሉ፣ አሞራ ገደል።
እኔ ቀረሁ። አርባ አራት ቀዝቅዟል፣ ሲኒው ዳር ዳሩን ጠቁሯል።
አነሳሁት። አልተፋሁትም። ዋጥኩት፣ እስከ አተላው።
የረጠበ ጆንያ? አዎ። ያለፈ መፍላት? አለው።
ከዚያ በታች ግን፣ በጣም በታች፣ አንዲት ቀጭን ነገር፣
የኮክ ትሁን የሌላ፣ ልትናገር ስትል የምትሰበር።
አክስቴ ናት አልልም። አንድ ሰው ግን ቀይ ቀዩን ለይቶ ነበር።

ውጤቱን አልቀየርኩም። ሰባ ስምንት ሰባ ስምንት ነው።
ከጎኑ ብቻ፣ በእርሳስ፣ ሕጉ የማይፈቅደው፦
«ለቃሚዋ ምናልባት ዱርሲቴ።
በቅሎ የላትም፤ በጀርባዋ ነው።»